ተረኛዋ እናት፣ በረኛዋ ልጅ

ልጄ ኳስ እንደምትጫወት ያወቅሁት በአመድ ነው።

ጠዋት ጠዋት ምድጃዬን ስጠርግ አመዱን በአሮጌ ባልዲ አጠራቅማለሁ። ለዕቃ ማጠቢያ ይሆነኛል፤ ጎመኔ ላይ ተባይ ሲወጣም እነሰንስበታለሁ። ያን ሰሞን ባልዲው ባዶ ሆኖ ማግኘት አበዛሁ። አመዴን ማን ወሰደ ብዬ ጎረቤት አልጠይቅ ነገር አፈርኩ። በመጨረሻ ባሌን ጠየቅሁት።

«አመድ ለምኔ ነው? በቅሎዬ እንደሁ አመድ አትበላ» አለኝ።

ባሌ እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ያወጣል። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ድንጋይ ይፈልጣል። ነገሩን ሁሉ ወደ ቀልድ የሚወስድ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ነገር ሁሉ ያስጨንቀኛል። እንዲህ ሆነን ነው የኖርነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ ልጄ ታናሽ እህቷን አዝላ፣ ጀሪካኗን ተሸክማ ከቦኖ ተመለሰች። ሕፃኗን ከጀርባዋ ሳወርዳት አፏ፣ አገጯ፣ ሁለቱም እጇ አመድ በአመድ ነው።

«ይህችን ልጅ ምን አበላሻት?»

«ምንም።»

«አፏንስ ምን አደረጋት?»

ጀሪካኑን አስቀመጠችና መሬት መሬት አየች። «መስመር ልሳ ነው።»

«የምን መስመር?»

«የጎሉን።»

ቀስ በቀስ ሁሉንም አወጣችው። ትምህርት ቤታቸው የመጣው ወጣት አስተማሪ የሴቶች ኳስ ቡድን አቋቁሟል። ሜዳው ላይ መስመር የሚያሰምሩበት ኖራ ስለሌላቸው እያንዳንዷ ልጅ ከቤቷ አመድ በፌስታል ታመጣለች። እሷ ደግሞ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጀሪካኗን ቦኖው ላይ ለወረፋ ታስቀምጥና፣ ወረፋው እስኪደርስ ከታች ካለው ሜዳ ትጫወታለች። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሁለት ሰዓትም ይፈጃል። ሕፃኗን ከጎሉ እንጨት አጠገብ አስቀምጣት ነበር።

«እንዴት ልጅ መሬት አስቀምጠሽ ትሮጫለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አልሮጥም እኮ! በረኛ ነኝ። ሌሎቹ ናቸው የሚሮጡት። በረኛ የሆንኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ ከአጠገቧ እንዳልርቅ።»

ከዚያ በኋላ ልቆጣት አልቻልኩም። ልጅ ያዢልኝ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷም ሕፃኗን ሳትጥል መጫወቻ ቦታ ፈልጋ አገኘች። ሕፃኗን አጠብኳት።

ጭንቀቴ ግን የዚያን ቀን ጀመረ። ሜዳውን አውቀዋለሁ፤ ጠጠር ነው። በማግስቱ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ አየኋት። አንዲት ረጅም ልጅ ኳሱን መታችው፤ ልጄ ጎኗን ለጠጠሩ ሰጥታ ወደቀችበት። ዓይኔን ያዝኩ። ስከፍት ኳሱን አቅፋ ትስቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ጥርሷን ነው። ጉልበትና ክንድ ይድናል፤ ጥርስ ግን አይበቅልም። ሌላ እናት ልጇ ማታ ስትገባ ፊቷን ታያለች፤ እኔ ግን አፏን ነበር የማየው።

አስተማሪው፣ አሠልጣኛቸው ማለት ነው፣ ፈቃድ ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። ከቆላው ከተማ የመጣ የሙስሊም ልጅ ነው፤ አክባሪ ነው። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣

«እትዬ፣ ወላሂ እንደ እሷ ዓይነት እጅ አላየሁም» አለኝ። «ሌሎቹ ኳስ ሲመጣ ይሸሻሉ። እሷ ወደ ኳሱ ነው የምትሄደው።»

«እኔንስ የሚያስፈራኝ እሱ አይደል?» አልኩት።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ጥጣቸውን እየፈተሉ ከጓዳው በር ያዳምጡ ነበር። «ሴት ልጅ መሬት ለመሬት እንድትንደባለል ነው ፈቃድ የምትጠይቀው?» አሉት። እሱም ተነሥቶ እጅ ነሥቶ፣ «እማማ፣ ተንደባላ ነው የምትነሣው፤ ወድቃ አትቀርም» አለ። አማቴ እንዝርታቸውን አዞሩ። ባሌ ግን የበቅሎ ገመድ የሚይዝበትን የቆዳ ጓንት አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። በዚያው ተፈቀደ። ልምምድ ባለ ቀን ሕፃኗን እኔ እይዛለሁ፤ ውሃው በማለዳ ይቀዳል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ትገባለች፤ እሑድ ቅዳሴ አይቀርም። የተስማማነው ይህን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሕይወታችን ተናጋ። ልምምድ በነበረባቸው ቀኖች ሕፃኗን አዝዬ ሊጥ አቦካለሁ፤ እንጨት እሰብራለሁ። ባሌ በበቅሎው ውሃ መቅዳት ጀመረ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። «እንግዳ ጭነህ የት ትሄዳለህ?» ይሉታል ጀሪካኖቹን እያሳዩ። «እነዚህ አያማርሩም፤ ፎቶ አንሣንም አይሉም» ይላቸዋል።

እንግዲህ ወደ ማኅበሩ ልምጣ።

የሰፈራችን ሴቶች የማርያም ማኅበር አለን። ወር በገባ በሃያ አንድ በተረኛዋ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች። የማኅበሩ ቄስ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከዚያ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እንጨዋወታለን። በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። እሷም ቆማ በሁሉ ፊት ትቀበለዋለች። አንዴ ከተቀበለች በኋላ መልሼ ልስጥ ማለት የለም። እኛ ዘንድ ያስፈራል።

የእኔ ተራ ኅዳር ነበር። አሠልጣኙ ደግሞ በመስከረም መጥቶ፣ «ውድድሩ በኅዳር ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ፍላቂት ነው፤ አድረን ነው የምንመለሰው» አለኝ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጅቷ ውጭ ልታድር ነው፤ እሱ አንድ ጭንቀት። ድግሴና ጨዋታው እንዳይጋጩ፤ እሱ ሌላ ጭንቀት። ድግስ ሲኖር ቀኝ እጄ እሷ ናት። ብቅሉን የምታሰጣ፣ እንስራ የምታጥን፣ ብርጭቆ የምታጥብ፣ ሽማግሌ ሴቶቹን የምታስተናግድ እሷ ናት።

ስለዚህ አስቀድሜ ዘየድኩ። የጥቅምት ተረኛ የነበረችው ጎረቤቴ ናት፤ ክረምቱ ጣሪያዋን ስላበላሸው በጥቅምት ቆርቆሮውን አንሥታ በአዲስ ልታለብስ አስባለች። «በይ ተራ እንለዋወጥ፤ አንቺ በኅዳር በአዲስ ጣሪያ ትደግሻለሽ» አልኳት። ደስ ብሏት ሳመችኝ። በመስከረም ሃያ አንድ ጽዋውን ቆሜ ተቀበልኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ዛሬስ አንድ ነገር አስቀድሜ አየሁ ብዬ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ አሠልጣኙ መጣ። ከበር አልገባም አለ።

«እትዬ፣ ቀኑ ተቀየረ።»

«ወደ መቼ?»

«ወደ ጥቅምት ሃያ አንድ። እሑድ።»

«ለምን? ምን ሆኖ?»

«የፍላቂት ሰዎች ናቸው። በኅዳር ሜዳው አውድማ ነው አሉን። ገብስ ይወቃበታል፤ አውድማ ላይ ኳስ አይመታም አሉ።»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። እኔ እኮ የገብስ ገበሬ ልጅ ነኝ! አባቴ ቤት ኅዳር ገብቶ ሜዳ ሆኖ የቀረ ሜዳ አይቼ አላውቅም፤ ከብት ይግጥበት የነበረው ሁሉ ተለቅልቆ አውድማ ይሆናል። አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለመኸር ትምህርት ቤት እየቀረሁ ነው። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው የቡድኑን ቀን ሳሰላ፣ የማርያምን ቀን ሳሰላ፣ ገብሱን ረሳሁት። በቦታዬ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ በኅዳር ደግሼ ልጄም በጥቅምት ሄዳ ትጫወት ነበር። መጠንቀቄ ነው ያጋጨኝ።

ወደ ጎረቤቴ ተመልሼ እንዳልለምን ቤቷ ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ሰማይ እያየን አንደግስ።

ለልጄ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «እሺ» አለች፤ ሕፃኗን አንሥታ ወጣች። ያ «እሺ» ነው የጎዳኝ። እኔም ልጅ ሆኜ ለመኸር ከትምህርት ቤት ቅሪ ስባል «እሺ» ነበር የምለው። አንድ ዓመት ቀረሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ቀረሁ፤ ሦስተኛው ላይ ቅሪ የሚለኝም አልነበረም፤ ራሴ ትቼው ነበር። ልጄም እንዲሁ አንድ ጊዜ ከቀረች በዚያው ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። በመጀመሪያ እንዳትጫወት ፈርቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዳትተወው።

በማግስቱ ጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ የአባቷን ጓንት ለአንዲት ጓደኛዋ አጥልቃላት፣ ከካልሲ የተጠቀለለ ኳስ እየወረወረችላት ነው። በእሷ ቦታ በረኛ የምትሆነው ያቺ ልጅ ነበረች።

«ዓይንሽን አትጨፍኚ!»

«አልጨፈንኩም!»

«ጨፍነሻል፤ ይኸው ግንባርሽን መታሽ።»

«ሲመጣብኝ በራሱ ነው የሚጨፈነው እኮ! ምን ላድርገው፣ በስፒል ልያዘው?»

«ኳሱን ዳቦ ነው ብለሽ አስቢ።»

«ዳቦ ከሆነማ አፌን ነው የምከፍተው።»

ሁለቱም በሳቅ ወደቁ። ልጄ ግን ቀድማ ተነሥታ ካልሲውን አነሣች። «በይ እንደገና» አለቻት። እንዲያው እንደ እናት። እኔ ብቅሌን ያሰጣሁበት ሰፌድ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ።

ባሌ፣ «ትሂድ። ውሃውን እኔ በበቅሎ አመላልሳለሁ፤ ብርጭቆም አጥባለሁ» አለ።

«ያለ ዘመድ ታድራለች?»

«አሠልጣኙ አለ፣ ቡድኑ አለ።»

«መንገዱስ?» አልኩት። የዚያን ሰሞን ሹፌሮቹን በየቀኑ ነበር የምጠይቀው፤ ዛሬ ሰላም ነው ይሉኛል፤ ለነገ የሚምልልኝ ግን የለም።

«አንቺ እኮ መንገዱ ሰላም ሲሆን ድልድዩን ትፈሪያለሽ፤ ድልድዩን ስናልፍ ዝናቡን» አለኝ። ተቀየምኩት። ግን ውሸት አልተናገረም።

ወደ ማኅበራችን ቄስ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጅቷ ብትሄድ ማኅበሩ ይቀራል?» አሉኝ።

«አይቀርም፣ አባ።»

«ጠላው ደርሷል?»

«ይደርሳል፣ አባ።»

«ታዲያ እኔ ምኑን ልፍታልሽ?»

«ፈራሁ፣ አባ። ጥርሷ ቢሰበርስ?»

ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ጎደሎውን አሳዩኝ። «ይህን የት ያጣሁት ይመስልሻል? ቅኔ ቤት እንዳይመስልሽ። በገና ቀን፣ ገና ስንጫወት፣ የአክስቴ ልጅ በዱላ መትቶኝ ነው። ይኸው ቀድሼ እበላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤትሽ ውስጥ ታላቅ ሰው አሉ። አማክረሻቸዋል?»

አላማከርኳቸውም ነበር። ከሁሉ የምፈራው አማቴን ነው። ስለ ኳሱ ያሉትን እንዳሉ ናቸው፤ ልጅቷ ጓንቱን ይዛ ስትወጣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ቤት ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥጡን እየዳመጥኩላቸው ነገሩን ከዳር ጀመርኩት። «እምዬ፣ ልጅቷን እኮ ሊወስዷት ነበር፤ ማኅበሩ ነው የያዛት።»

«የት ሊወስዷት?»

«ፍላቂት።»

እንዝርቱ ቆመ። «ፍላቂት ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ እምዬ።»

አማቴ የተወለዱት ከፍላቂት ዳር ነው። ለእኛ ወገን የተዳሩት ገና ልጅ ሆነው ነው። ወንድማቸው እዚያ አሉ። መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ማን ይወስዳቸዋል?

«ሜዳው ከገበያው በላይ ያለው ነው?»

«አላውቅም። በኅዳር አውድማ ይሆናል አሉ።»

«እሱ ነው!» አሉ። «እሱ ነው እንጂ፤ ከወንድሜ ማሳ ጋር ይዋሰናል።» ጥጡን ከጉልበታቸው አራገፉ። «እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«እምዬ! ጉልበትዎስ?»

«በመኪና ነው የምንሄደው ወይስ በጉልበቴ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ቆሞ ልጆቹ እየዘፈኑ ሲጫኑ፣ አማቴ ነጭ ለብሰው፣ አንድ ቋጠሮ ቆሎ ይዘው ሹፌሩ አጠገብ ገብተው ተቀመጡ። አሠልጣኙ ግራ ገባው፤ ለካ ቦታው የእሱ ነበር።

«እማማ፣ ከኋላ ቢሆን አይሻልም? እዚህ ፀሐይ አለ።»

«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉት። ያንን መንገድ ካዩት ዘመን አልፎታል። አሠልጣኙ ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ሄደ።

ልጄ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ሳመችኝ። «እማዬ፣ ብርጭቆዎቹን አጥቤ በጨርቅ ሸፍኛቸዋለሁ። ሕፃኗ ማታ ስታለቅስ ጀርባዋን ሲያሹላት ነው የምትወደው።» ሕፃኗን የማሳድጋት እኔ መሆኔን ላስታውሳት ፈልጌ ነበር፤ «እሺ» ብቻ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ያለወትሯቸው ቀደም ብለው መጡ። ባለ ጣሪያዋ ጎረቤቴ ነግራቸው ኖሯል። አንዷ ንፍሮውን ያዘች፤ አንዷ ሕፃኗን አዘለች። ባሌ በሩ ላይ ብርጭቆ እያጠበ፣ «በረኛዋ ስለሌለች በሩን እኔ ይዣለሁ» ይላል ለሚገባው ሁሉ። ቀኝ እጄ ሄዳለች ስል የሰፈሩ እጅ ቤቴ ገባ። ቢሆንም ልቤ ከእነሱ ጋር አልነበረም። ዳቦውን ስቆርስ እንኳ ጥርሷ ነው የሚታየኝ።

ቄሱ ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ መቀነቴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አፈርኩ። ላጠፋው ስል ቄሱ፣ «ከየት ነው?» አሉ።

«ከፍላቂት መሰለኝ፣ አባ።»

«አንሺዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አማቴ ናቸው። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ደውሎላቸው ነው። እንደ ልማዳቸው ከተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ይጮሃሉ፤ ስልኩን መሐል አድርጌ ድምፁን ለቀቅሁት፤ ባልለቀውም ይሰማ ነበር።

«ደኅና ነሽ ወይ? ማኅበርተኞቹ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ነን እምዬ! ልጅቷስ?»

«ልጅሽማ ይደበድቧታል! ሁሉም ተሰብስቦ በእሷ ላይ ነው። እሷ ምን አድርጋቸው ነው?»

«ወደቀች?»

«ወድቃ ተነሣች። ደግሞ ወደቀች። አንድ አስገቡባት። ጥርሷ ግን ሙሉ ነው፤ አሁን አይቻለሁ።»

ሴቶቹ እፎይ አሉ። ቄሱ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «እኛስ አላስገባንም?» ብለው ጠየቁ።

«ማን ነው?» አሉ አማቴ።

«አባ ናቸው።»

«ይፍቱኝ አባ! እኛማ ገና ነን። የእኛ ልጆች ወዲያ ማዶ ሄደው ይመለሳሉ። … ቆይ! ቆይ! ምን ሆኑ? ጥለዋት ሄዱ!»

«እነማን?»

«ሁሉም! የእኛም የእነሱም ራቁ። ከእነሱ አንዲት ልጅ ብቻ ኳስ መሬት አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ቆማለች። አንድ ሰው አይቀርላትም? አሠልጣኝ ተብዬውም ዳር ቆሞ ያያል!»

ባሌ እርጥብ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ዘሎ ገባ። «ሪጎሬ ነው! ሪጎሬ ሰጡባቸው!»

«ሪጎሬ ምንድን ነው?» አለች አንዷ።

«ብቻዋን ቆማ ይመቱባታል።»

«ይሄማ ግፍ ነው!» አለች ባለ ጣሪያዋ።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። ኔትወርኩ ሄዷል። ሁሉም እኔን ያያል፤ እኔ ስልኩን አያለሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «በሉ ቁሙ። ድሮም ልንጸልይ ነበር።»

ቆምን። ጸሎቱ ያው የዘወትሩ ነው። ግን ማኅበር ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን «አቤቱ» ስንል ከልብ የተባለበትን ጊዜ አላስታውስም። ሌሎቹ ምን እንደለመኑ አላውቅም። እኔ ታሸንፍ አላልኩም። ዓይኗን አትጨፍን፣ እኔም አልጨፍን፣ ነው ያልኩት።

ጸሎቱ እንዳበቃ፣ የመጀመሪያው ጠላ ሲቀዳ ተደወለ። አማቴ ሲያለከልኩ ይሰማል።

«እምዬ፣ ገባ?»

«ምኑ?»

«ኳሱ!»

«ኳሱማ የወንድሜ ገብስ ውስጥ ገባ! ጉልበቷን መትቶ ተፈናጥሮ ማሳው ውስጥ። አሁን ሁሉም ልጅ ኳስ ፍለጋ ገብስ ውስጥ ነው። ይሄ የሚጮኸው ይሰማሻል? ወንድሜ ነው። ሊታጨድ ሳምንት የቀረውን!»

«አዳነችው!» ብሎ ባሌ ጮኸ፤ ብርጭቆውንም ጣለው። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ «ተመስገን» ብለው ጠላቸውን ጨለጡ። ጨዋታውን ቡድናችን ያቺው አንድ ግብ ተቆጥራበት እንደተሸነፈ የሰማነው በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ያሸነፍን መስሎን ጨፈርን።

ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ለጎረቤቴ አቀረብኩላት። ለመቀበል እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ቆይ» አለች። «በኅዳር ሃያ አንድ ጨዋታ አለ?»

«የለም።»

«ገብሱንም አስበሽዋል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቄሱም ሳቁ። «ተቀበይ» አሏት፤ «ጨዋታ ካለም ስልክሽን ሙሊ።» ቆማ ተቀበለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አማቴ ከወንድማቸው ቤት ግማሽ ጆንያ ገብስ አስጭነው መጥተዋል፤ ቡድኑን በሙሉ እዚያ ቤት በሶ አብልተው ነው ያሳደሩት። ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «የመታቻትን ልጅ አግኝቼ ተቆጥቻታለሁ» አሉኝ። «የወንድሜ ጎረቤት ልጅ ናት፤ ዘመድ ነን ለካ።» ልጄ ጉልበቷ ተልጧል፤ ክርኗም። አፏን አየሁ። ሙሉ ነው። ታውቅብኛለችና ጥርሷን ሁሉ አሳየችኝ።

የድግሱ አመድ ባልዲ አልበቃው ብሎ በጆንያ ሞልቼው ነበር። ለሚቀጥለው ልምምድ ባሌ በበቅሎው ጭኖ ሜዳ አደረሰልን። እኔም ሕፃኗን ይዤ ሄድኩ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ሳይሆን ከጎሉ እንጨት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄን ጠርቼ፣

«ከእንግዲህ ሕፃኗን እኔ ነኝ የምይዛት» አልኳት። «በረኛ የሆንሽው ለእሷ ብለሽ ከሆነ ለአሠልጣኙ ንገሪው። እንደ ጓደኞችሽ ሩጪ።»

የአባቷን ጓንት እያጠበቀች ትንሽ አሰበች።

«አይ፣ እማዬ። አሁንማ ቦታው የእኔ ነው።»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ረጅሟ ልጅ ኳሱን ከሩቅ እየገፋች መጣች፤ ልጄ ጎንበስ አለች፤ እኔም ዓይኔን ላለመጨፈን ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ልጄ ኳሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ! መስመሩን እየላሰችው ነው!»